ሰኞ ባቲ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚለወጠው አየሩ ነው። ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል፣ የአውቶቡሱ መስኮት ይከፈታል። ከተማዋ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ መንገዱ ግን ቁልቁለቱን ቀጥሎ ሚሌ ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው አፋር ሌላ ዓለም ነው፦ ከፊሉ ከባሕር ወለል በታች የተዘረጋ ምድር፣ እንደ ዳቦ የሚሰነጠቅ መሬት። በ1998 መስከረም በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ የተከፈተው በቀናት ውስጥ ነው። አዋሽ እንኳ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል።

ያ በረሃ ግን ብቻውን አይኖርም፤ ሰኞ ሰኞ ባቲ ይወጣል። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይነዳል፤ ሴቶቹ ቅቤና የዘንባባ ሰሌን ይዘው ይመጣሉ። ከደጋው ጤፍና በርበሬ፣ ከአካባቢው ገበሬ ማሽላ ይወርዳል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ እየተቀባበሉ ይጮኻሉ፤ ደላላው በሦስቱም ይምላል፣ በሦስቱም ሲዋሽ ግን አይደናቀፍም።

አንዱ ሽማግሌ ሁለት ፍየል ይዞ ቆሟል። ገዢው የአንዷን ወገብ በጣቱ ይጫናል፣ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ይቆጥራል። ሽማግሌው ግን ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የጠየቀው ሌላ ነገር ነው፦ «ማሽላ ዛሬ ስንት ዋለ?»

የበረሃው ኢኮኖሚ በዚህች ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር አማርቲያ ሴን የ1965–66ን የወሎ ረሃብ ሲመረምር የአፋሮቹን ጉዳት በሁለት ነገር አስረድቷል። ከብቱ አልቆባቸዋል፤ የተረፈውም በእህል ሲመነዘር ዋጋው ወርዷል፤ ፍየሏ ከነነፍሷ ቆማ ሳለ ባለቤቷ ይራባል ማለት ነው። በዚያ ላይ የአዋሽ ዳር የበጋ ግጦሻቸው ለሰፋፊ እርሻ ተወስዷል። ፍየሏ ከነነፍሷ ቆማ ሳለ ባለቤቷ ይራባል ማለት ነው። በ1977 ደግሞ ይኸው የገበያ ከተማ የረሃብተኞች መጠለያ ሆነ።

ሌላው አገር ባቲን የሚያውቃት ግን በሙዚቃ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ስሟን ይዟል፤ ግመል አይቶ የማያውቅ አዲስ አበቤ ክራሩን በባቲ ይቃኛል። የሰኞን ትርምስ ለሰማ፣ ቅኝቱ ከዚህ ጫጫታ እንዴት እንዲህ ሰከን ብሎ እንደወጣ ይገርማል።

ከሰዓት በኋላ አፋሮቹ ግመሎቻቸውን እህል ጭነው ቁልቁል ይመለሳሉ። መንገድ ላይ ሌላ አፋር ሲያገኙ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ እጅ ለእጅ ተሳስመው ዳጉ ይባባላሉ፣ ወሬ ይለዋወጣሉ። ሣሩ የት ለመለመ፣ ዝናቡ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ። ከባቲ ለሚመለሰው ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨመርለታል፦ ማሽላው።