በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለው ርቀት

የሙያ መሣሪያ ዕድሜው ሲገፋ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዕጣ አንዱ ይደርሰዋል፤ ወይ ከውራጅ ጋር ተደባልቆ ይጣላል፣ ወይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የትዝታ ጌጥ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ሥራውን ያቆማል። ሦስተኛው ዕጣ፣ ማለትም አሮጌው ከአዲሱ ጋር ተጋጥሞ እንደገና ለሥራ መሰለፉ፣ እምብዛም የማይታሰበው አስቸጋሪ በመሆኑ ነው። ፍቅር ብቻውን ሁለት ብረቶችን አያጋጥምምና፤ ከፍቅር ሌላ መለካትን ይጠይቃል። አንዲት የአዲስ አበባ የፊዚክስ መምህርት ይህን የተረዳችው ከአባቷ በቀረላት አንድ ሌንስ ምክንያት ነው።

አባቷ በፒያሳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ አነስተኛ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሙያው በከተማዋ ሥር የሰደደው ከእርሳቸው ብዙ አስቀድሞ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮምም የአባታቸውን ሙያ ወርሰው ቀጥለዋል። የአራዳ ገበያ አካባቢ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ሳቢያ ፒያሳ የሚለውን ስም ካተረፈ በኋላም፣ ፎቶ ቤቶች ከወርቅ ቤቶች፣ ከልብስ ሰፊዎችና ከሙዚቃ ቤቶች ጎን ለጎን ቆመው የከተሜውን መልክ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ሙሽራው፣ ምሩቁ፣ ወደ ሩቅ አገር የሚሄደው ሁሉ በእነዚህ ቤቶች መብራት ፊት ተቀምጦ አልፏል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሶቪየት ኅብረት ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰ አንድ ደንበኛቸው ዜኒት የተባለ ካሜራ ሸጠላቸው። ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ሄልዮስ 44-2 ይባላል፤ የትኩረት ርዝመቱ 58 ሚሊ ሜትር ነው። አባትየው ይህን ካሜራ ከፎቶ ቤት ውጪ ለሚጠሩበት ሥራ፣ ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለተዝካር፣ ይዘውት ይወጡ ነበር። ሌንሱ ራሱ በትውልዱ ስደተኛ ነው ለማለት ይቻላል። ንድፉ የተወሰደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በጀርመን አገር፣ በዬና ከተማ ከተሠራው ቢዮታር ከተባለው ሌንስ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ የጀርመኖቹ የመስተዋት ጥበብ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲሻገር ሄልዮስ የሚል አዲስ ስም ይዞ ተወለደ። ከካሜራው ጋር የሚጋጠመውም በተራ ቪቴ ነው፤ የ42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጥርሶቹ በ1 ሚሊ ሜትር የሚራራቁ ቪቴ። በዚህ ልክ የምሥራቅ ጀርመኑ ፕራክቲካም የጃፓኑ ፔንታክስም ተጠቅመውበታል፤ በመሆኑም በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በጎራ ተለያይተው የነበሩ አገሮች ሌንሶች አንዱ በሌላው ካሜራ ላይ ያለ ችግር ይጠመዘዙ ነበር።

በ1990ዎቹ ቀለም ፊልም በማሽን አጥቦ በሰዓት ውስጥ የሚያስረክብ ፎቶ ቤት ሲበዛ፣ የአባትየው ጨለማ ክፍል ሥራ ፈታ። ጥቂት ቆይቶ ፎቶ ቤቱ ተዘጋ፤ እርሳቸውም አረፉ። ዜኒቱ መዝጊያው ተበላሽቶ ሲጣል፣ ሌንሱ ብቻ በቆዳ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ከአልጋ ሥር ቀረ።

መምህርቷ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቦርሳውን ከፍታ ሌንሱን ወደ መስኮት ብርሃን ብታቀናው፣ በመስተዋቶቹ መካከል የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር ተዘርግቶ አየች። ሻጋታ ነበር። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ የአዲስ አበባ ክረምትም ለጭቃ ቤት እርጥበቱን አይነፍግም። ሻጋታ በሌንስ ላይ ለብዙ ጊዜ ከቆየ የመስተዋቱን ስስ ሽፋን በልቶ ጠባሳ ይተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጨርቅም አልኮልም አያስለቅቀውም።

በሰፈሩ ሰዓትና ካሜራ ሲጠግኑ ያረጁ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሌንሱን ተቀብለው በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት።

«ጋሼ፣ ይድናል?» አለቻቸው።

«አባትሽ ሲይዙት አውቀዋለሁ። ቀስ ብለን እናየዋለን፣ ልጄ» አሉ።

አዛውንቱ በነጭ ጨርቅ ላይ ሥራቸውን ጀመሩ። በቀጭን ካቻቢቴ ቪቴዎቹን አንድ በአንድ አወጡ፤ በአራት ምድብ የተቀመጡትን ስድስት መስተዋቶች በተራቸው ደረደሩ፤ የደረቀውን ግራሶ ጠርገው በአዲስ ተኩ። ሻጋታው ለቀቀ። ከአንዱ መስተዋት ጠርዝ ላይ ግን ጠባሳው ቀረ። «ይህ ከእንግዲህ አብሮት ይኖራል፤ ሥዕሉን ግን አይከለክልሽም» ብለው አስረከቧት።

መምህርቷ የነበራት ካሜራ ፊልም የማይጎርስ፣ ዲጂታል የሆነ ኒኮን ነው። ሌንሱን ከእርሱ ጋር የሚያጋጥም አንድ ስስ የብረት ቀለበት በጥቂት ገንዘብ አገኘች። ሌንሱ ያለ ችግር ገባ። ካሜራው ለዚህ ሌንስ ብርሃን አይለካለትምና መጠኑን እየገመተች፣ እየሞከረችም ማንሣት ጀመረች። የእናቷን ፊት ከአንድ ክንድ ተኩል ርቀት ብታነሣው፣ የዐይን ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ጠርቶ ወጣ፤ ከበስተጀርባቸው ያለው የኮባ ቅጠል ደግሞ በዙሪያቸው እንደሚሽከረከር ሆኖ ደበዘዘ። ይህ የሄልዮስ የታወቀ ጠባዩ ነው። ደስታዋ ግን ደጃፍ ድረስ ብቻ ነበር። ወደ መንገድ ወጥታ ሌንሱን ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ብታዞረው ሁሉም ነገር ጭጋግ ሆነ። ከሁለት ሜትር ገደማ ወዲያ ያለው ዓለም በአባቷ ሌንስ አይታይም ነበር።

ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም፤ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው የሌንስ ሕግ ነው። ሌንስ ቅርብ ያለውን ለማጥራት ከምስል መቀበያው ይርቃል፤ ሩቅ ያለውን ለማጥራት ይጠጋል። የዜኒት ሌንስ የተሠራው ከመቀመጫው እስከ ፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተደርጎ ነው። በኒኮን ካሜራ ይኸው ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ የቀለበቱ ውፍረት ሲጨመርበት ወደ ሁለት ይጠጋል። የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት አንድን ሙሉ አደባባይ ሰወረባት።

ይህ በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ የትርፍ ሰዓት እንቆቅልሽ ሆኖ በቀረ ነበር። ዓመቱ ግን 2016 ዓ.ም. ነበር። በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ በርካታ የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች መፍረስ ጀመሩ። የአባቷ ፎቶ ቤት የነበረበት ቤትም ከሚፈርሱት ውስጥ ነበር። ነዋሪው ዕቃውን በጭነት መኪና እየጫነ ወደ ተሰጠው ቤት ይሄድ ነበር። ሰፈሩን በእጅ ስልኳ አንሥታዋለች፤ እርሱ ለመረጃ ይበቃል። እርሷ የፈለገችው ሌላ ነገር ነው። ያንን ደጃፍ ለሠላሳ ዓመት የከፈቱና የዘጉ ሰው ያዩበት መስተዋት ደጃፉን አንድ ጊዜ መልሶ እንዲያየው ነበር።

አንድ ቶርኖ ቤት መፍትሔ አቀረበላት። የሌንሱ የኋላ አካል አሉሚኒየም ስለ ሆነ፣ በሁለት ሚሊ ሜትር ቢከረከም ሌንሱ ወደ ውስጥ ጠልቆ ሩቁን ያያል። ሥራው ከአንድ ቀን አያልፍም። በቀለበቱ ውስጥ ትንሽ አራሚ መስተዋት ያለበት ሌላ ዓይነት አዳፕተርም መኖሩን ሰማች፤ ነገር ግን ርካሹ መስተዋት የሌንሱን ጥራት እንደሚያበላሽ፣ እርሱንም ለማስመጣት ሳምንታት እንደሚፈጅ ተነገራት። ጊዜ አልነበራትም። ሌንሱን ይዛ ወደ ቶርኖ ቤቱ ስትሄድ በአዛውንቱ ደጅ አለፈች።

«ልጄ፣ ካሜራሽ ከአምስት ዓመት በኋላ ይኖራል?» ሲሉ ጠየቋት።

«አይመስለኝም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለሚያልፈው ስትዪ የሚቆየውን ትቆርጫለሽ? ዛሬ ለዚህ ካሜራ የከረከምሽው ነገ ለሌላው አይሆንም። የተቆረጠ ብረት ደግሞ አያድግም።»

መልሱ ትክክል ቢሆንም ቀላል አልነበረም፤ ደጃፉ ሳይነሣ ሊቀር ነውና። መምህርቷ ሌንሱን አላስቆረጠችም። በቀሩት ቀናት ሌንሱ የሚያየውን ብቻ ለማንሣት ወሰነች። ከሁለት ሜትር ውስጥ የሚገባውን ማለት ነው። ለሃያ ዓመት ዳቦ የሸጡላትን ሴት ፊት፣ የወርቅ ሠሪውን ጣቶች፣ በእጅ ብዛት የተወለወለውን የእንጨት ደረጃ መደገፊያ፣ ዕቃ በተጫነበት መኪና ላይ የተቀመጠች ሕፃን አነሣች። እንዲህ ለማንሣት ወደ እያንዳንዱ ሰው መጠጋት ነበረባት፤ መጠጋት ደግሞ ሰላምታን፣ ፈቃድ መጠየቅን፣ አንዳንዴም ቡና መጠጣትን ያስከትላል። ደጃፉን አላነሣችውም። በሦስተኛው ሳምንት ስትመለስ ሥፍራው ተደልድሎ አገኘችው።

የጎደለው ቀለበት የመጣው በዓመቱ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዋ በውስጡ መስታወት የሌለው፣ አዲሱ ዓይነት የሶኒ ካሜራ ገዛ። በቀድሞው ዓይነት ካሜራ ሌንሱ ከመቀበያው ራቅ ማለቱ ግድ የነበረው፣ በመካከላቸው ምስሉን ወደ ላይ ወደ ዐይን የሚያንጸባርቅ መስታወት ስለሚነሣና ስለሚተኛ ነው። መስታወቱ ሲቀር ያ ቦታ ባዶ ሆነ፤ በሶኒው ርቀቱ 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከ45.46 ላይ 18 ሲቀነስ 27.46 ሚሊ ሜትር ይቀራል። ይህን ያህል ርዝመት ያለው፣ መስተዋት የሌለበት፣ ባዶ የብረት ቀለበት በመካከል ሲገባ አሮጌው ሌንስ ልክ በዜኒቱ ላይ እንደነበረው ሆኖ ይቀመጣል። ከማንኛቸውም ላይ የሚቆረጥ ነገር የለም። ካሜራው ሌንስ መገጠሙን ስለማያውቅ፣ ያለ ሌንስ እንዲያነሣ በምርጫው ውስጥ መፍቀድ ያስፈልጋል፤ ቀሪው የእጅ ሥራ ነው። የጠራው ጠርዝ በስክሪኑ ላይ ቀለም እየተቀባ ይታያል።

መምህርቷ ባልደረባዋን አስፈቅዳ ካሜራውን ይዛ ወደ አራዳ ወጣች። በሌንሱ ላይ የመጨረሻውን ርቀት የሚያመለክተውን፣ የተጋደመ ስምንት ቁጥር የመሰለውን ምልክት እስኪነካ ቀለበቱን አዞረች። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትና የካቴድራሉ ጉልላት ጠርተው ታዩ። የአባቷ ደጃፍ የነበረበት አቅጣጫ ግን ሌላ መልክ ይዟል።

አሮጌው ሌንስ ከአዲሱ ይበልጣል ማለት አይደለም። ፀሐይ ፊት ለፊት ሲያገኘው ሥዕሉ ይነጣል፤ ብርሃን ማስገቢያው በሰፊው ሲከፈት ዳር ዳሩ ይደበዝዛል፤ ራሱን በራሱ አያጠራም። የመቀበያቸው ስፋት ከቀድሞው ፊልም ባነሰ ካሜራዎች ላይ ደግሞ ዕይታው ይጠብባል፤ 58 ሚሊ ሜትሩ በእነዚያ ላይ 87 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ያሳያል። ይህን ሁሉ የማያውቅ ሰው በትዝታ ብቻ ቢነሣ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ዋጋው ያለው በሌላ በኩል ነው። አንድ ትውልድ የሠራበት መሣሪያ ለሚቀጥለው ትውልድ እጅ እንዲገባ፣ ሁለቱ የሚራራቁበት ልክ በትክክል ታውቆ፣ ያ ልክ በተገቢው ነገር መሞላት አለበት። ሲጎድል ሩቁ ይደበዝዛል፤ ለመሙላት ተብሎ አሮጌው ሲቆረጥ ደግሞ ለሌላ ጊዜ የሚተርፍ ነገር አይኖርም።

ከሰፈሩ ተነሥተው በየአቅጣጫው የሄዱት ጎረቤቶች ለበዓል ሲገናኙ መምህርቷ የሁለቱን ሜትር ፎቶግራፎች አሳትማ አደለቻቸው። ዳቦ ሻጯ የራሳቸውን ምስል ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ከኋላዬ ያለው የማን ቤት ነው?» ብለው ጠየቁ። በስተኋላቸው የሚታየው የደበዘዘ ሰማያዊ ነገር የፎቶ ቤቱ በር ነበር።

አሁን ሌንሱ በክፍል ውስጥ ያገለግላል። ስለ ብርሃን በምታስተምርበት ሳምንት ሌንሱን፣ ቀለበቱንና አንድ ካሊፐር ይዛ ትገባለች። ባለፈው ጊዜ አንድ ተማሪ፣ አዲስ ሌንስ እያለ ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው ሲል ጠየቃት። መልስ አልሰጠችውም፤ ቀለበቱንና ካሊፐሩን አቀበለችው። ተማሪው ለካና «27 ከግማሽ ገደማ ነው» አለ።

«የካሜራውን 18 ጨምርበትና አባቴ የሠሩበትን ርቀት ንገረኝ» አለችው።