ለጥላና ለፀሐይ ስለሚሆን ፊልም

ፎቶግራፍ በብርሃን የሚጻፍ ጽሕፈት ነው። ጸሐፊ ብራናውንና ቀለሙን ሳይመረምር ብዕሩን እንደማያነሣ ሁሉ፥ ፎቶግራፍ የሚያነሣም ሰው አስቀድሞ ፊልሙን ሊመርጥ ይገባዋል። ይህንንም ያስተማረን የገዛ ስሕተታችን ነው።

የእንጦጦ ፓርክ በተከፈተበት በ2013 ዓ.ም. አረጋዊት እናታችንን ይዘን ወደዚያ ወጣን። በመሣሪያችን ያጐረስነው ጥቁርና ነጭ ፊልም ኤፍ ፒ 4 የሚባለው፥ ፍጥነቱ 125 የሆነው ነበር። ይህ ፊልም ቅንጣቱ ደቃቅ ስለ ሆነ፥ በገላጣ ሜዳ ፀሐይ ሲያገኝ ሣሩን እንኳ አንድ ባንድ ለይቶ ያሳያል። እናታችን ግን የተቀመጡት ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ነው። እኛም የብርሃኑን ልክ የወሰድነው በቅጠል መካከል ሾልካ የገባች ፀሐይ ካረፈችበት ከነጭ ነጠላቸው ነበር። ፊልሙ ታጥቦ ሥዕሉ በወጣ ጊዜ የነጠላው ጥለት በደኅና ሲታይ፥ ፊታቸው ከጨለማው ጋራ ተቀላቅሎ ጠፋ። እናታችንም ሥዕሉን አቅርበው ተመልክተው፥ «ነጠላዬስ ይኸው፤ እኔ ወዴት አለሁ?» አሉን። እርሳቸው ሣቁ፤ እኛ ግን አፈርን።

ከዚህ በኋላ ምክንያቱን መረመርን። በደጋ አገር የቀትር ፀሐይ ብርቱ ነው፤ ጥላውም ጥቁር ነው። ከዛፍ ሥር ያለው ብርሃን ከሜዳው ብርሃን ስምንተኛው እጅ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ለጥላ ፍጥነቱ 400 የሆነ ፊልም፥ ይኸውም ኤች ፒ 5 ወይም ትራይ ኤክስ ይሻላል። ብርሃን ለመቀበል ከ125ቱ ሦስት እጥፍ ያህል ንቁ ስለ ሆነ፥ መዝጊያውን አፍጥኖ ለማንሣት ያስችላል፤ የአረጋዊ እጅ ቢንቀጠቀጥም ሥዕሉ አይደበዝዝም። ቅንጣቱ ጐላ ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፊት ከሚጠፋ ቅንጣት ቢታይ ይሻላል። ሜዳና ሰማይ ለማንሣት የፈለገ ሰው 125ቱን ይያዝ፤ ቢጫ መስተዋት በዓይኑ ላይ ቢጨምርበት ሰማዩ ጠቆር ብሎ ደመናው ይጐላል። የብርሃኑም ልክ ከልብስ ሳይሆን ከፊት ይወሰድ። ዳኛ የሚጮኸውን ወገን ብቻ ሰምቶ እንዳይፈርድ፥ ፎቶግራፍ አንሺም የሚያበራውን ብቻ አይቶ አይፍረድ።

በ2014 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ 400ውን ፊልም ይዘን ከእናታችን ጋራ ወደዚያው ጥላ ተመለስን። በዚህ ጊዜ የፊታቸው መጨማደድና የግንባራቸው የመስቀል ንቅሳት ሳይቀር ወጣ። በሚከተለው ዓመት ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት የልጅ ልጆች የሚያውቋቸው በዚህች ሥዕል ነው።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ ፊልም ስትመርጡ ለምትወዱት ሰው ፊት የሚስማማውን አስቀድሙ፤ ሜዳው ነገም በስፍራው ይገኛል።