ታንኳና ካሜራ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ የጀልባ ወሬ? አዎ፤ ጎጃም እኮ ጣናን ይነካል። የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊያቋርጥባት ያሠራት የደንገል ጀልባ «ራ» ደንገሏ ከጣና የሄደ ነው። የሠሯት የቻድ ሐይቅ ሰዎች ነበሩ። የኋላ ጫፏን ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ቀርቶ ኖሮ ጅራቷ ረጥቦ ዘቀጠ፤ ባርቤዶስ ሳትደርስም ተተወች። በቀጣዩ ዓመት «ራ 2» ደረሰች። ጉዞው ተቀርጾ ፊልም ሆኗል።

ለመቅረጽ ግን ጀልባ ሁሉ አንድ አይደለም። ዛሬ መንታ ቀፎ ያላቸው አንዳንድ የሸራ ጀልባዎች ከሥራቸው ክንፍ ተገጥሞላቸው፣ ፍጥነት ሲይዙ ቀፏቸው ከውኃው ይነሣል። እነሱን ለመቅረጽ በሞተር ጀልባ መከተል የተለመደ ነው። የጣናን የደንገል ታንኳ ግን አብሮ ተቀምጦ መቅረጽ ይቻላል። መቅዘፊያው አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ሲገባ ታንኳዋ ትወዛወዛለች፤ ቀራጩ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ ከቀዛፊው ጋር መወዛወዝ አለበት።

የጎጃም ወጣቶች መቅዘፉንም መቅረጹንም አብረው ቢማሩ ምንኛ ደስ ባለኝ! ደንገል ውኃ እየመጠጠ ይከብዳል፤ ታንኳዋ ከጥቂት ወራት በላይ አትቆይም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀረጸው አሠራሯ ይሁን፤ ሠሪው ነዶውን በእግሩ ረግጦ ማሰሪያውን ሲያጠብቅ።