ቲክቶክ ላይ ለምን አልወጣም?

ዛሬ ስለ ዘርና ማዳበሪያ ሳይሆን ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ ነገር ላጫውታችሁ። «ልጄ፣ ሌሎቹ ባለሙያዎች ቲክቶክ ላይ እየወጡ ያስተምራሉ፤ አንተስ ምን ነካህ?» የሚሉኝ አባቶች አሉ። ከኮሌጅ አብረውኝ የተመረቁ ጓደኞቼም «በዚህ ዕድሜህ እንዴት ከኋላ ትቀራለህ?» ይሉኛል። እኔ ግን እስካሁን አልከፈትኩም። ቴክኖሎጂ ጠልቼ አይደለም። ምክንያቴን ስሙና ባትስማሙም ለማሳችሁ የሚጠቅም ነገር አታጡበትም።

አንደኛው ምክንያቴ ቦታ ነው። ቲክቶክ ቪዲዮ የሚመርጥላችሁ በብዛት የትኛው ላይ እንደቆያችሁና ምን እንደወደዳችሁ እያየ ነው። ማሳችሁ ደጋ ይሁን ቆላ፣ አፈራችሁ መረሬ ይሁን ቀይ አይጠይቅም። እኛ ጫጫ ያለነው ከባሕር ጠለል ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጣርማበርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ማሾና ሽንኩርት ያመርታሉ፤ እኛ ገብስና ባቄላችንን ውርጭ እንዳይመታብን እንሳቀቃለን። አንድ ዞን ውስጥ እንዲህ ከተለያየን የት እንደተቀረጸ ከማይታወቅ ቪዲዮ የዘር ጊዜና የማዳበሪያ መጠን እንዴት ይወሰዳል? ሩቅ አንሂድ፤ አንድ ቀበሌ ውስጥም ውሃ የሚተኛበት መረሬ መሬት በቢቢኤም መደብና ቦይ ካልወጣለት ገብሱ በሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ቢጫ ይሆናል። ተዳፋት ላይ ላለው ጎረቤት ደግሞ ጭንቀቱ ሌላ ነው፤ የእሱ ስጋት አፈሩ በጎርፍ እንዳይታጠብ ነው።

ሁለተኛው በሽታን መለየት ነው። ባቄላን እንውሰድ። ቆርምድ የያዘው ባቄላ ቅጠሉ ይኮማተራል፣ ላዩም ላይ ጉብጉብ ያለ እብጠት ያወጣል። ክሽክሽ የመጠጠውም ቅጠሉ ይጠቀለላል። በሰላሳ ሴኮንድ ቪዲዮ ሁለቱም አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። ግን ቆርምድ ፈንገስ ነው፤ ክሽክሽ ነፍሳት ነው። የነፍሳት መድኃኒት ፈንገስን አይገድልም። ስለዚህ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጎ ያላየ ሰው በነገራችሁ ብትረጩ ብራችሁም ጊዜያችሁም ያልቃል፣ በሽታው ግን ይቀጥላል። «አንድ ክዳን ጨምሩበት» የሚሉም አሉ። የየትኛው ጠርሙስ ክዳን? ስንት ሊትር በሚይዝ መርጫ? ለስንት ጥማድ? ይህን ሳይናገር የሚያልፍ ምክር ግማሽ ምክር ነው።

ሦስተኛው የእናንተ ገመና ነው። ቪዲዮ የሚታየው ጉድ ሲኖርበት ነው። የደረቀ ማሳ፣ የሞተች ላም፣ የተጨነቀ ገበሬ ብዙ ተመልካች ይስባል። እኔን ወደ ማሳችሁ የምታስገቡኝ እንደ ልጃችሁ አምናችሁኝ ነው። የተበላሸ ሰብላችሁን ቀርጬ አገር እንዲያየው ባደርግ በሚቀጥለው ዓመት ችግሩን ማን ያሳየኛል? ከደበቃችሁኝ ደግሞ ልረዳችሁ አልችልም። እውነቱን ልናገርና እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በአገራችን ለወራት ተገድበው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ኢንተርኔት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ምክር መስመሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ክረምቱ ግን ኢንተርኔት እስኪመለስ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው 8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር ለተራ ስልክ መታሰቡ የገባኝም ለዚህ ነው።

ቲክቶክ ጥሩ ነገር የለውም አልላችሁም። ልጆቻችሁ የዶሮ ቤት አሠራር አይተው «እኛስ ለምን አንሞክርም?» ማለታቸው ያስደስተኛል። ፍላጎት መቀስቀስ ይችላል፤ እኔ የምፈራው መጠንና ጊዜ ሲወሰንበት ነው።

እንግዲህ የእርሻ ቪዲዮ ስታዩ አራት ነገር ጠይቁ፦ የት ነው የተቀረጸው? በየትኛው ወር? መጠኑ ለስንት መሬት ነው? ቢበላሽ ማንን እጠይቃለሁ? ለአራቱም መልስ ካላገኛችሁ መጀመሪያ ማሳችሁ ጥግ ላይ በትንሹ ሞክሩት፤ መድኃኒት ከሆነ ግን ጨርሶ አትንኩት። ቪዲዮውን ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ፣ የታመመውንም ቅጠል ነቅላችሁ ወደ ማሰልጠኛ ማዕከላችን ኑ። አብረን እናየዋለን። መልካም የሥራ ሳምንት!