ከዊንጌት እስከ ጀሞ

ሰፈራችን ዊንጌት ስሙን ያገኘው በ1930ዎቹ መጨረሻ ከተከፈተው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። የስሙ ባለቤት እንግሊዛዊው መኰንን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ከፊት ይመራ እንደ ነበር ይነገራል። እኛ የሰፈሩ ልጆች ግን ፈረስም መኪናም ስለሌለን የምንጓዘው በታክሲና በአውቶቡስ ነው፤ ስለዚህ ቀናችን የሚጀምረው ከሰልፍ ነው።

ጧት በ12 ሰዓት ተኩል በአደባባዩ የቆመውን ሕዝብ ያየ ሰው ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ይረዳል። የቀን ሠራተኛው ካረፈደ የዕለቱ ሥራ ለሌላ ይሰጥበታል። ከሩቅ ሰፈር በሽተኛዋን ደግፋ ጳውሎስ ሆስፒታል የመጣች እናት ማታ መመለሻ ታጣለች። እኛም ተማሪዎች የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በር ላይ ቆመን የምናዳምጥበት ቀን ብዙ ነው። ታክሲው በመጣ ጊዜ ደግሞ ታፔላው የሚለው ሌላ፣ ረዳቱ የሚጠራው ሌላ ይሆናል፤ አንዱን መንገድ ለሁለት ቆርጦ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ጉልበት ያለው ተጋፍቶ ይገባል፤ አሮጊት ትቀራለች።

ችግሩን ያሰበበት የለም ለማለት አንደፍርም። ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ከዊንጌት እስከ ጀሞ፣ 16 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲዘረጋ ታቅዶ፣ ከፈረንሣይ የልማት ድርጅትም ብድር ተገኝቶለት ነበር። ዕቅዱ ከተነገረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አሳቡ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን እንዲህ ያለ ሥራ የሚለካው በምንድን ነው? በኪሎ ሜትር ወይስ ተሳፋሪው በሚተርፈው ደቂቃ? እኛ በደቂቃው ነው እንላለን።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማችን ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድና 41 ባቡሮች ይዞ ተነሣ። የሰሜኑ ጫፍ ግን ምኒልክ አደባባይ ላይ ቀረ። ከዚያ ወርዶ ወደ ዊንጌት የሚመጣ ሰው ሌላ ሰልፍ ይዞ ሌላ ሒሳብ መክፈል ግድ ሆነበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላም መለዋወጫ ስለ ጠፋ ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ፤ ተሳፋሪውም ተመልሶ ከታክሲ ሰልፍ ገባ።

ከሕንድ አገር ሁለት ከተሞች ደግሞ የምንማረው አለ። ዴልሂ በ2000 ዓ.ም. ለአውቶቡስ የተለየ መንገድ ከፈተች። ባለመኪኖች መንገዳችን ጠበበብን ብለው ተነሡባት። በ2005 ዓ.ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ ቢያደርገውም፣ በ2008 ዓ.ም. መንገዱ ፈረሰ። አህመዳባድ ግን በ2002 ዓ.ም. ስትጀምር የጣቢያውን ወለል ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል አደረገች፤ ሒሳቡም ከመሳፈር በፊት በጣቢያው እንዲከፈል ወሰነች። ስለዚህ ሽማግሌው ደረጃ ሳይወጣ ይገባል፤ አውቶቡሱም ሒሳብ ሲሰበሰብ አይቆምም። ያ አገልግሎት እስከ ዛሬ ይሠራል።

እንግዲህ ለዊንጌት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከአስኮ የመጣው መንገደኛ አስፋልት ለአስፋልት ሳይሮጥ የሚሻገርበት መሻገሪያ፣ ከዝናብ የሚጠለልበት ጣቢያ፣ እስከ መድረሻው የሚያዘልቀው አንድ ቲኬት ይኑረው። ከሁሉም በላይ የአውቶቡሱ መንገድ ይከበር፤ ስድሳ ሰው የያዘ አውቶቡስ አንድ ሰው ከያዘች መኪና ኋላ ተገትሮ ሊውል አይገባውም። ባለመኪናው ይህን ሲሰማ እንደ ዴልሂዎቹ ማጉረምረሙ አይቀርም። በዚያን ጊዜ የሚወስኑት ሰዎች እንዳያመነቱ አንድ ሳምንት ብቻ ጧት ጧት መጥተው ከእኛ ጋር ቢሰለፉ ደስ ይለናል። ቦታ እንይዝላቸዋለን።