ሐጼሪም፦ ጠብታ ያሸለመው መንደር



እንደሚታወቀው በዚህ አገር ፋብሪካዎችና ንግድ ቤቶች ልዩ ልዩ ሽልማት ይቀበላሉ። አንዱ ጥሩ ዕቃ ሠራ ተብሎ፣ ሌላው ብዙ ሠራተኛ ቀጠረ ተብሎ ይሸለማል። ከጊዜ ወዲህ ደግሞ ውኃን፣ አፈርንና አየርን ሳያበላሹ የሚሠሩ ድርጅቶችን መሸለም በዓለም ሁሉ እየተለመደ መጥቷል። ይህንን በመርከዝ ክሊታ ስናስረዳ አንዲት እናት «ሽልማቱ የእነሱ፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ነገሩን በወሬ ከምናስረዳ በዓይን ማየት ይሻላል ብለን ተማከርንና፣ ጥቂት ቤተሰቦችን ይዘን ከቤር ሼባ ወደ ኪቡጽ ሐጼሪም ሄድን። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐጼሪም ከቤር ሼባ በስተ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። አውቶቡሱ የከተማውን ፎቆች አልፎ ሲወጣ ሜዳው ይዘረጋል። የሄድነው በሙቀቱ ወራት ስለ ነበር ያልተዘራው መሬት አፈሩ ነጥቶ፣ ተሰነጣጥቆ ይታይ ነበር። አጠገቡ የአየር ኃይል ሠፈር ስላለ የጦር አውሮፕላን ድምፅ ሳይታሰብ ይወርዳል፤ ሕፃናቱ ጆሯቸውን ያዙ፣ ሽማግሌዎቹም ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። ከዚያ በኋላ ግን በመንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ማሳ ብቅ አለ። ዝናብ የለ፣ ወንዝ የለ፣ ቦይ የለ። «ታዲያ ይህ ከየት ጠጣ?» አሉ ከጎንደር አካባቢ የመጡ አንድ አዛውንት።

ጥያቄያቸውን ለመረዳት ሁለቱን አገሮች ማነጻጸር ያስፈልጋል። በቤር ሼባ በዓመት የሚጥለው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በጎንደር ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይጥላል፤ ቤር ሼባ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘውን ጎንደር በሐምሌ ወር ብቻ ታገኘዋለች። ወራቱም የተገለባበጠ ነው። እዚህ የሚዘንበው አገራችን በጋ በሚሆንበት ጊዜ ሲሆን፣ አገራችን ክረምት በሚገባበት ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ እዚህ አንዲት ጠብታ አትወርድም። አዲስ የገባ ገበሬ በዚህ ቢደናገር አይፈረድበትም።

ኪቡጹ የተቆረቆረው በ1946 የዮም ኪፑር ጾም ባበቃበት ሌሊት፣ በኔጌቭ ምድር በአንድ ጊዜ ከተተከሉት 11 መንደሮች አንዱ ሆኖ ነው። መሥራቾቹ ወጣቶች ነበሩ። መሬቱ ግን ጨው የበዛበት ስለ ነበር የዘሩት አልበቅል አላቸው፤ አፈሩን በውኃ እስከ ማጠብ ደረሱ። በ1950ዎቹ መጨረሻ እንቆይ ወይስ እንበተን ብለው ተሰብስበው መከሩ፤ ለመቆየትም ወሰኑ። ይህንን ስናስተረጉም ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። የማያበቅል መሬት ይዞ እንቆይ ወይስ እንሂድ ብሎ መምከር ለእነሱ አዲስ ነገር አይደለም።

በእርሻ ብቻ መኖር እንደማይቻል ያዩት የኪቡጹ ሰዎች የሚተከል ፋብሪካ ይፈልጉ ነበር። በዚያን ጊዜ ሲምሐ ብላስ የሚባል መሐንዲስ ነበር። በ1897 በዋርሶ ተወልዶ ወደዚህ አገር የገባ፣ በእስራኤል የውኃ ሥራ ስሙ የሚጠራ ሰው ነው። እንደሚነገረው፣ በ1930ዎቹ አንድ ገበሬ ሳይጠጣ ከሌሎቹ ይልቅ የገዘፈ ዛፍ አሳየው። ብላስ ሥሩን ቢቆፍር ከመሬት በታች ካለ የውኃ ቱቦ መጋጠሚያ ጥቂት በጥቂት የሚንጠባጠብ ውኃ አገኘ። ከላይ የሚታየው እርጥበት የመዳፍ ያህል ሆኖ ሳለ ከሥር ግን አፈሩ በሰፊው ርሶ ነበር። ነገሩ በልቡ ቀረ፤ ነገር ግን ሥራ ላይ ለማዋል የሚስማማ ርካሽ ቱቦ አልነበረም። ፕላስቲክ ከመጣ በኋላ ከልጁ ጋር ሆኖ ሐሳቡን አወጣው። በ1965 ከሐጼሪም ጋር ተስማምተው ፋብሪካው ተቋቋመ። ስሙን «ኔታፊም» አሉት፤ በዕብራይስጥ ጠብታዎች ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ ብዙ የጠየቁት አሠራሩን ነውና በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። በማሳው ላይ እንደ ጣት የሚወፍር ጥቁር ቱቦ በየረድፉ ተዘርግቷል። በውስጡ በተወሰነ ርቀት ታፍቴፌት የሚባሉ ትንንሽ ማንጠባጠቢያዎች አሉ። ቱቦውን ቀድቶ ውኃ ማፍሰስማ ቀላል ነው፤ ችግሩ ከምንጩ አጠገብ ያለችው ቀዳዳ ብዙ አፍስሳ በጫፍ ያለችው መድረቋ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዷ ማንጠባጠቢያ ውስጥ ውኃው ጠመዝማዛ መንገድ እንዲሄድ ተደርጓል። እየተጋጨና ኃይሉ እየደከመ መጥቶ ሲወጣ ጠብታ ብቻ ይሆናል። እንደ ዓይነቷ አንዷ ማንጠባጠቢያ በሰዓት 1 ወይም 2 ሊትር ያህል ትሰጣለች። ውኃው በቀጥታ ከሥሩ ላይ ያርፋል፤ በረድፎቹ መካከል ያለው አፈር ደረቅ ስለሚሆን አረሙም ይቀንሳል፣ ፀሐይም የምትወስደው ጥቂት ነው። ማዳበሪያውም በውኃው ውስጥ ተበጥብጦ በዚያው ይደርሳል።

አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ቱቦውን በእጃቸው መዘኑ። ከዚያም ወጣቱን አስጎብኚ «ልጄ፣ ይቺ ቀዳዳ በደለል አትደፈንም?» አሉት። እኛ ተረጎምን። ወጣቱ ፈገግ ብሎ ትልቁ ጠላት እሱ መሆኑን፣ ውኃው ወደ ማሳ ከመግባቱ በፊት በማጣሪያ እንደሚያልፍና ቱቦዎቹም በየጊዜው ጫፋቸው ተከፍቶ እንደሚታጠቡ አስረዳ። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን በእርሻ ያሳለፉ ናቸው። አባታቸው እስከ 1975 የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት ስላልነበራቸው የሰው መሬት ያርሱ ነበር። ከአዛውንቱ ጋር የመጡት የልጅ ልጆች ግን በጎንደር ከተማ ጉዞ ሲጠብቁ ያደጉ ስለሆኑ ሞፈርና ቀንበር የሚያውቁት በስም ነው። አያታቸው እንደ ባለሙያ ሲጠይቁና እንደ ባለሙያ ሲመለስላቸው ቆመው ያዩ ነበር። ለእኛ ጉዞው በዚህ ብቻ እንኳ ዋጋውን አግኝቷል።

አሁን ወደ ሽልማቱ እንምጣ። በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከተማ በውኃ አያያዝ ብልጫ ላሳዩ ድርጅቶች ይሰጥ የነበረ ሽልማት ነበር፤ በ2013 የተሰጠው ለኔታፊም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዓለም ላይ ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከጉድጓድ ሰው ከሚቀዳው ውኃ ከመቶ 70 ያህሉ የሚሄደው ለእርሻ ነው። ዝናብ ጊዜውን እየሳተ፣ ሙቀቱም እየጨመረ በሄደበት ዘመን ገበሬ በጥቂት ውኃ ማምረት ካልቻለ ከተማውም አይበላም። ውኃ በፓምፕ የሚሳብ ስለሆነ ጥቂት መሳብ ማለት ጥቂት ነዳጅና ኤሌክትሪክ ማቃጠል ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን ያስገረመው የሩዝ ነገር ነው። ከእኛ መካከል የፎገራን ሜዳ የሚያውቁ ነበሩ። እዚያ ሩዝ ውኃ በተኛበት ማሳ ይበቅላል። ውኃ የተኛበት አፈር አየር ስለሚያጣ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ጋዝ ምድርን ከሚያሞቁት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ኩባንያው ሩዝን ውኃ ሳያስተኙ በጠብታ ማብቀልን በኢጣሊያና በህንድ ሲሞክር ቆይቷል። አንዲት እናት «ሩዝ በጠብታ? እንግዲህ ይኼን ለፎገራ ሰው ብነግረው ያብዳል ይለኛል» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

ይሁን እንጂ የተሸለመ ሁሉ እንከን የለውም ማለት አይደለም፤ የእኛም ሰዎች ዝም ብለው አላጨበጨቡም። አንደኛው ጥያቄ «ፋብሪካው ዛሬም የኪቡጹ ነው ወይ?» የሚል ነበር። አይደለም፤ በ2018 ከመቶው 80 ያህሉ ዛሬ ኦርቢያ ለሚባለው የሜክሲኮ ኩባንያ ተሸጧል፤ ለሐጼሪም የቀረው 20 ነው። ሁለተኛው ያረጀውን ቱቦ የሚመለከት ነበር። ፕላስቲክ ነውና ዘመኑን ሲጨርስ ቆሻሻ ይሆናል፤ በአንዳንድ አገሮች እየተሰበሰበ ተፈጭቶ እንደገና ይሠራበታል፣ በሁሉም ቦታ ግን አይደለም።

ሦስተኛውን ያነሡት እኒያው አዛውንት ናቸው። አንድ ገበሬ ግማሹን ውኃ ቢቆጥብ በተረፈው ምን ያደርጋል ብለን ጠየቅናቸው። «ሌላ ማሳ አጠጣበታለሁ እንጂ! ሞኝ ነኝ?» አሉ። የውኃ ሊቃውንትም የሚሉት ይህንኑ ነው። በብዙ አገሮች የጠብታ መስኖ ገብቶ ምርቱ ቢጨምርም ወንዙና ጉድጓዱ አላገገሙም፤ የተረፈው ውኃ ለሌላ ማሳ ውሏልና። በእስራኤል ቱቦው የጠቀመው ብቻውን ስላልሆነ ነው። በ1955 ውኃ ሁሉ በቆጣሪ እንዲለካ ሕግ ወጣ። በ1959 ደግሞ ውኃ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ታወጀ። ገበሬው የሚያገኘው ተመጥኖ ስለሆነ ቢቆጥብ ምርቱን ያሳድጋል እንጂ ከተመደበለት በላይ አይስብም። በእኛ አስተያየት ሽልማቱ ለሁለት ሊከፈል ይገባው ነበር፤ ግማሹ ለማንጠባጠቢያዋ፣ ግማሹ ለቆጣሪው። ቆጣሪ የሚሸልም ግን እስካሁን አላየንም።

በመንገዳችን ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ቱቦዎችም አየን። ይህንን ወላጆች ልብ በሉ። እስራኤል ከየቤቱ የሚወጣውን ፍሳሽ አጣርታ ከመቶ ወደ 90 የሚሆነውን ለእርሻ ታውለዋለች። ይህ ውኃ የሚሄድበት ቱቦና ቧንቧ በወይን ጠጅ ቀለም ይለያል፤ «አሱር ሊሽቶት» የሚል ጽሑፍም ይኖርበታል፣ መጠጣት ክልክል ነው ማለት ነው። በሜዳም ሆነ በመናፈሻ ልጆች ሲጠማቸው ያገኙትን ቧንቧ ይከፍታሉና ቀለሙን አሳዩአቸው።

በሱቅ ዕቃ ላይ ስለምታዩት «ታቭ ያሮቅ» ስለሚባለው አረንጓዴ ምልክትም ጠይቃችሁናል። ከ1993 ጀምሮ የእስራኤል የደረጃዎች ተቋም አካባቢን እምብዛም የማይጎዱ ናቸው ብሎ ለመረመራቸው ዕቃዎች፣ ለቀለም፣ ለወረቀት፣ ለሳሙናና ለመሳሰሉት የሚሰጠው ነው። በ2021 የኮሮና ክትባት ለወሰዱ ይሰጥ የነበረውም ወረቀት በዚሁ ስም ይጠራ ስለ ነበር ሰዎች ይሳሳታሉ፤ የተለያዩ ናቸው። ያለ ምልክት የሚሠሩም አሉ። በየሠፈራችን የጤፍ ከረጢቱን አጥቦ ለደንበኛው የሚመልስ፣ ሸማች የራሱን ዘንቢል ይዞ ሲመጣ ደስ የሚለው ባለ ሱቅ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ካወቃችሁ ንገሩን፤ ስቶክሆልም ባይሰማውም ሠፈሩ ይስማው።

በመጨረሻም ስለ ቆጣሪ ካነሣን አይቀር የእናንተኑ ቆጣሪ እናስታውሳችሁ። ከመርከዝ ክሊታ ወጥታችሁ የራሳችሁ ቤት ስትገቡ የውኃ ሒሳብ ከታጊድ ሀማይም ይመጣላችኋል። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር እስከ 3.5 ሜትር ኩብ ድረስ ያለው ውኃ በዝቅተኛው ዋጋ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ያለው በውድ ነው። ነገር ግን የቤተሰቡን ቁጥር ያላስመዘገበ ሰው የሚታሰብለት ለ2 ሰው ብቻ ነው። ስምንት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ሳይመዘገብ ቀርቶ አንዲት ጠብታ ሳያባክን በውድ ዋጋ ሲከፍል ደጋግመን አይተናል። ስለዚህ ቤት ስትረከቡ በዚያው ሳምንት ቴውዳት ዜሁታችሁንና የልጆቹ ስም ያለበትን ሴፋሕ፣ እንዲሁም በእጃችሁ የገባውን የውኃ ሒሳብ ይዛችሁ ወደ ቢሯችን ኑ። ቅጹ በዕብራይስጥ ነው፤ አብረን እንሞላዋለን።