ቀለቡ የልጁ ነው፦ ትዝብት ከጅቡቲ

ጅቡቲ ከተማ፣ ጠዋት፣ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እኅታችን ከፌስታል ውስጥ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። የልጁ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ደረሰኝ፣ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት የሲጋራ ካርቶን። አባትየው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በጋላፊ ድንበር በኩል ከኢትዮጵያ ይመላለስ ነበር፤ ከተለያዩ ወዲህ ስልኩ አይነሣም። «ወንድሜ፣ ይኼ ይበቃኛል?» አለችኝ። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ የአባቱ ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት። አምስት ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው ቢያጆ ስመጣ እናወጣለን» ሲባል ቆይቷል።

*

በዚህ ከተማ አንዱ ነገር ሦስት ስም አለው። በዐረብኛ ነፈቃ፣ በፈረንሳይኛ ፓንሲዮን፣ በእኛ ቀለብ። አማርኛ ብቻ የምታውቅ ሴት ፓንሲዮን ስትባል የሚታያት የሚከራይ አልጋ ነው። የአገሩ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። ስለዚህ ከጠበቃ በፊት የሚያስፈልገው የታመነ አስተርጓሚ ነው። ጎረቤት ሲያስተረጉም ያፍራል፣ ያሳጥራል፣ የራሱን ምክር ይጨምራል። ከዳኛው ጆሮ የሚደርሰው የእናቲቱ ቃል ሳይሆን የጎረቤቷ ነው።

*

ብዙ እናቶች «የእሱን ሳንቲም አልፈልግም፣ ልጄን ለብቻዬ አሳድጋለሁ» ይላሉ። ክብራቸው ይገባኛል። የተበደለ ሰው ከበዳዩ እጅ መቀበል ያንገበግበዋል። ግን ቀለቡ የእናት አይደለም። የባልና ሚስት ሂሳብ በፍቺ ይዘጋል፤ የአባትና የልጅ ሂሳብ አይዘጋም። የራሷ ያልሆነውን መብት እናት ይቅር ብላ ልትተወው አይገባም።

*

የኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሳይጋቡ ለወለዱም በር ከፍቷል። አባትነት ሲካድ ፍርድ ቤት አባት ብሎ ሊወስን ከሚችልባቸው ምክንያቶች አንዱ ሰውየው እንደ አባት ሆኖ ልጁን ሲረዳ፣ ሲያስተምር፣ ሲንከባከብ መቆየቱ ነው። እንግዲህ ለወተት ብሎ የላከው ገንዘብ ደረሰኝ ተራ ወረቀት አይደለም። «ለልጄ ጫማ ግዢለት» ያለበት የስልክ መልእክትም እንዲሁ። ስልክ ሲቀየር ይህ ሁሉ ይጠፋል። ማስረጃ የሚሰበሰበው ሰላም ሳለ ነው፤ ጠብ ከተነሣ በኋላ የሚያስጠጋ የለም።

*

ሽማግሌ መልካም ነው። ችግሩ ቀጠሮው ነው። «ከፋሲካ በኋላ»፣ «ወንድሙ ሲመጣ»፣ «ትንሽ ይብረድለት» እያለ ወራት ይሄዳሉ። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ቀን ይቆጥራል። በጊዜው ያልተከፈለና በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለኑሮ የግድ አስፈላጊ እንደነበር ካልተረጋገጠ በቀር ይቀራል። በትዕግሥቷ የተመሰገነችው እናት የምትጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሽምግልናውም ይቀጥል፤ አቤቱታውም ይግባ። ደግሞም የፍቺ ክስ ላይ ያለች እናት የመጨረሻውን ፍርድ መጠበቅ የለባትም። ክርክሩ ሳያልቅ የልጆች ቀለብ ላይ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል።

*

የሾፌር ደመወዝ በወረቀት ላይ ትንሽ ናት። ኑሮውን የሚያቆመው አበሉ ነው። ፍርድ ቤት ቀለብ ሲቆርጥ የሚመዝነው የልጁን ፍላጎትና የአባቱን አቅም ነው። ነገር ግን አቅም ሆና የምትቀርበው ያችው የደመወዝ ደብዳቤ ብቻ ከሆነች የሚቆረጠውም በእሷ ልክ ይሆናል። አበሉ በአቤቱታው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ቀጣሪው መሥሪያ ቤትም እንዲያስረዳ ይጠየቅ።

*

የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ላይ ተተክሎ ቆሟል። ብር ግን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ከዚያ በፊት 2,000 ብር የተቆረጠለት ልጅ እዚህ ከ6,000 ፍራንክ በላይ ይደርሰው ነበር። ብሩ 115 ሲገባ ያው 2,000 ብር 3,000 ፍራንክ ግድም ሆነ። አባትየው አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም፤ የልጁ ሳህን ግን ጎደለ። የተቆረጠ ቀለብ ሁኔታው ሲለወጥ እንደገና ሊታይ እንደሚችል የሚነግራቸው ስለሌለ ብዙዎች አይጠይቁም።

*

ሁሉም አባት ሸሺ አይደለም። ወደብ ላይ ጭነት እየተሸከመ ድሬዳዋ ላለች ልጁ በየወሩ የሚልክ አባት አውቃለሁ። የሚልከው በሰው እጅ ነው፤ ደረሰኝ የለውም። ነገ «ቀልቦ አያውቅም» ቢባል የሚያሳየው አይኖርም። ወረቀት እናትን ብቻ ሳይሆን ቅን አባትንም ይጠብቃል።

*

በጅቡቲ ሕግ በኩልም በር አለ። ጅቡቲ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የቤተሰብ ሕግ ልጅን የመቀለብ ግዴታ በአባት ላይ ይጥላል። በ1977 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጅቡቲ ሴቶች ብሔራዊ ኅብረትም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴቶችን የሚያዳምጥ፣ መረጃ የሚሰጥና ወደሚመለከተው አካል የሚመራ ክፍል አለው። የእኛ ሴቶች በደጁ ያልፋሉ። መኖሪያ ፈቃድ የሌላት ሴት «ልክሰስ ብዬ ልባረር?» ትላለች። ፍርሃቷ እውነት ነው፤ አይናቅም። ከዚህ የተነሣ አብሯት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋታል።

*

ጅቡቲ በ1990፣ ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ተቀብለዋል። አንቀጽ 27 መንግሥታት ቀለብን ከውጭ አገር ካለ ወላጅም ለማስከፈል እርምጃ እንዲወስዱ ያዛል። ለዚሁ ጉዳይ በ2007 እ.ኤ.አ. በሄግ የወጣውን ስምምነት ግን ሁለቱም አልገቡበትም። በአንዱ አገር ያገኙትን ፍርድ በሌላው ማስፈጸም ረጅም መንገድ ነው። ስለዚህ አጭሩ መንገድ አባትየው በሚኖርበትና ደመወዝ በሚበላበት አገር መክሰስ ነው። እናት ከዚህ ሳትነሣ በኤምባሲው በኩል ለእኅቷ ወይም ለወንድሟ ውክልና ትሰጣለች፤ ውክልናው አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ይረጋገጣል። ጠበቃ ማቆም ለማይችሉ ሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በነፃ ሲያግዝ ቆይቷል።

*

ቀለብ መከልከል በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 ያስቀጣል። እስር ግን ልጅን አያበላም። የእናቲቱም ፍላጎት እሱን ማሰር አይደለም፤ የልጇን ወርኃዊ ወጪ መሸፈን ነው።

*

በየእድራችን ለቀብር እናዋጣለን። ታሞ አገሩ የሚገባበት ያጣ ሲኖር እናሳፍረዋለን። እንግዲህ አንድ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው በወር አንድ ጠዋት እንመድብ፤ ፌስታሏን ይዛ የምትመጣውን እናት አጅቦ እስከ ቢሮው በር ይድረስ። አባቶችም፣ ልደቱን ለሚቀጥለው ቢያጆ አታቆዩት። ያቺ እኅታችን የልጇ አባት ስም ያለበት ወረቀት ዛሬም የላትም፤ ልጁ ግን በመጪው መስከረም አንደኛ ክፍል ይገባል።